ካርዱን ልለውጥ ወይስ ልቆይ? የአየር መንገድ ማይል ስሌት

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ አዘውትሬ ከምሳፈርበት አየር መንገድ አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። «የጎልድ ደረጃዎን ለማደስ ሁለት በረራ ብቻ ቀርቶዎታል» ይላል። ጎልድ አየር መንገዱ ብዙ ለሚበር ደንበኛው በካርድ የሚሰጠው ደረጃ ነው፤ እንደ ተጨማሪ ሻንጣ ያለ ጥቅም ያስገኛል። የምሄድበት ጉዳይ አልነበረኝም። ቢሆንም ግማሽ ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልስ ርካሽ ትኬት ስፈልግ ቆየሁ። ሻንጣ የሌለው፣ ምክንያት የሌለው፣ ተቀባይ የሌለው ጉዞ መሆኑ ነው። ነገሩን ለሚያውቁት እንግዳ አይደለም፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለነጥብ ብለው ብቻ የሚበሩ ሰዎች በየአውሮፕላኑ ውስጥ አሉ። ትኬቱን ለመቁረጥ ጣቴን ዘርግቼ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ወረቀት አወጣሁ። በዓመቱ ውስጥ የተሳፈርኩባቸውን በረራዎች አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ አጠገባቸውም ካርዱ በዚያ ጉዞ ምን እንደጠቀመኝ አሰፈርኩ። ከአሥራ አንዱ መስመር ሰባቱ ባዶ ሆነው ቀሩ።

የተደጋጋሚ ተጓዦችን ፕሮግራም ስለመቀየር በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያወራው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካን አየር መንገድ አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራሙን በ1981 ሲጀምር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደንቡ ለማንም ግልጽ ነበር። የተበረረው ርቀት ይመዘገባል፤ ሲጠራቀም ነፃ ትኬት ይቆረጥበታል። ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ነገሩ በመሠረቱ በዚሁ ቀጠለ። ከዚያ በ2015 ዴልታና ዩናይትድ የተባሉት የአሜሪካ አየር መንገዶች፣ በ2016 ደግሞ ራሱ አሜሪካን፣ የሚሰጡትን ማይል በርቀት መመዘን ትተው መንገደኛው በከፈለው ዶላር መመዘን ጀመሩ። ዴልታ በ2023 ደረጃውንም በወጪ ብቻ ሊመዝን ወስኖ ከፍተኛው የዳይመንድ ደረጃ በዓመት የ35,000 ዶላር ወጪ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ደንበኛው ሲቆጣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኤድ ባስቲያን ነገሩ ከልክ ማለፉን አምነው ቁጥሩን ወደ 28,000 አወረዱት። ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም። ብሪቲሽ ኤርዌይስም ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ፓውንድ አንድ ነጥብ እየቆጠረ፣ ለሲልቨር 7,500 ለጎልድ 20,000 ነጥብ መጠየቅ ጀምሯል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ሩቅ እየሄደ፣ ቅናሽ ያለበትን ቢዝነስ ትኬት አድኖ እየገዛ ጎልድ ይይዝ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ከበሩ ውጭ ቀረ።

ይህ ሁሉ የመጣው ፕሮግራሞቹ ከተጓዥ ማመስገኛነት አልፈው ራሳቸውን የቻሉ የገንዘብ ተቋማት ስለሆኑ ነው። አየር መንገዶቹ ማይል አትመው ለባንኮች ይሸጣሉ፤ ባንኮቹም የክሬዲት ካርድ ደንበኞቻቸውን ይሸልሙበታል። በወረርሽኙ ጊዜ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ቆመው ሳለ ዩናይትድ በ2020 ይህንን ፕሮግራሙን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። በዚያው ዓመት ዴልታ 9 ቢሊዮን፣ በተከታዩ ዓመት አሜሪካን 10 ቢሊዮን ወሰዱ። መንገደኛው «የእኔ ነጥብ» የሚለው ነገር ለአየር መንገዱ ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ልቀይር ወይስ ልቆይ ወደሚለው ጥያቄ ስንመለስ መጀመሪያ አንድ ውዥንብር መጥራት አለበት። ፕሮግራም መቀየር አየር መንገድ መቀየር አይደለም። ሦስቱ የአየር መንገዶች ጥምረቶች፣ ስታር አሊያንስ በ1997፣ ዋንወርልድ በ1999፣ ስካይቲም በ2000 ከተመሠረቱ ወዲህ፣ በአንድ ጥምረት ውስጥ ያለ መንገደኛ የአንዱን አውሮፕላን ተሳፍሮ ማይሉን በሌላው መዝገብ ማስቆጠር ይችላል። ያው አውሮፕላን፣ ያው ወንበር፤ የሚለወጠው ትኬቱ ላይ የሚሰፍረው የአባልነት ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን የተሳፈረበት አየር መንገድ ባለቤት የሆነውን ፕሮግራም ብቻ የሚያይ ይመስለኛል። «የምመርጠው ሌላ አየር መንገድ የለም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን መቀየር አልችልም» የሚለውን ሰው ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይከተልም።

ሁለተኛው ውዥንብር ማይልና ደረጃ እንደ አንድ ነገር መቆጠራቸው ነው። ማይል እንደ ገንዘብ ነው፤ ተጠራቅሞ ትኬት ይገዛበታል፤ ሰውየው ወደ ሌላ ፕሮግራም ቢሄድም በቀድሞው ሒሳብ ውስጥ ይቆየዋል። ደረጃ ግን እንደ ኪራይ ነው፤ በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ ያልተከፈለ እንደሆነ ይወሰዳል። ስለዚህ «ስምንት ዓመት የደከምኩበትን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ማይሉን ከሆነ ማንም አልነካበትም። ደረጃውን ከሆነ ደግሞ ስምንት ዓመቱ ቀድሞውኑ አልፏል፤ በእጁ ያለው የዚህ ዓመት ብቻ ነው።

አሁን ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው። ከለንደን ኒው ዮርክ ወደ 3,450 ማይል ነው፤ ደርሶ መልሱ 6,900። ትኬቱ ከታክስ በፊት 600 ዶላር ወጣ እንበል። ለአንድ ዶላር 5 ማይል በሚሰጥ ፕሮግራም፣ ደረጃ የሌለው መንገደኛ 3,000 ማይል ያገኛል። በርቀት የሚቆጥር ፕሮግራም ለዚያው ትኬት የርቀቱን ግማሽ ቢሰጠው 3,450፣ ሩቡን ብቻ ቢሰጠው 1,725 ይሆናል። ወንበሩ ቢዝነስ፣ ዋጋውም 4,000 ዶላር ቢሆን በዶላር የሚቆጥረው 20,000 ይሰጣል፤ በርቀት የሚቆጥረው የርቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ቢሰጥ እንኳ 10,350 ነው። መሥሪያ ቤቱ ውድ ትኬት የሚገዛለት ሰው በዶላር ከሚቆጥረው ቢርቅ ራሱን ይጎዳል። ከኪሱ ከፍሎ በርካሽ ሩቅ የሚሄደው ግን በርቀት የሚቆጥረውን መመልከት አለበት፤ ያም ቢሆን በግማሽና በሩብ መካከል ያለው ልዩነት ፍርዱን ሊገለብጠው ይችላል።

ግማሹን ወይስ ሩቡን የሚለውን የሚወስነው ደግሞ አንድ ፊደል ነው። በትኬቱ ደረሰኝ ላይ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ የትኬቱን የዋጋ ዓይነት የምታመለክት አንዲት የላቲን ፊደል ትቀመጣለች፤ ማንም ልብ አይላትም። ኢኮኖሚ ክፍል አንድ ቢመስልም በውስጡ አሥርና ከዚያ በላይ ፊደላት አሉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ምግብ ከሚቀርብላቸው ሁለት መንገደኞች አንዱ የርቀቱን ሙሉ፣ ሌላው ምንም ላያገኝ ይችላል። እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የአሥራ አንድ ሰዓት በረራ በርሬ፣ የአጋር አየር መንገድ ቁጥሬን አስመዝግቤ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሒሳቤን ስከፍት ዜሮ ሰፍሮ ጠበቀኝ። ስህተት መስሎኝ ጻፍኩላቸው። መልሱ ትሕትና የሞላበትና አጭር ነበር፦ የትኬቱ ፊደል በዚህ ፕሮግራም አይቆጠርም። ሠንጠረዡ በድረ ገጻቸው ላይ ነበረ፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ያው በረራ በቀድሞው ፕሮግራሜ ቢመዘገብ ኖሮ ትንሽ ቢሆንም የሆነ ነገር ያስገኝ ነበር።

ከፊደሏ ሌላ የትኬቱ ቁጥርም ይናገራል። አሥራ ሦስት አኀዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትኬቱን የቆረጠው አየር መንገድ ማን እንደሆነ ያሳያሉ። 016 ዩናይትድ፣ 220 ሉፍታንዛ፣ 125 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ነው። የዩናይትድ ፕሮግራም አባል በሉፍታንዛ አውሮፕላን ሲሳፈር ትኬቱ በ016 የሚጀምር ከሆነ ማይሉ በተከፈለው ዋጋ ይሰላል፤ በ220 የሚጀምር ከሆነ በርቀቱና በፊደሏ። አውሮፕላኑ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። ፕሮግራም ለመቀየር የሚያስብ ሰው ያለፉትን አንድ ሁለት ዓመታት ደረሰኞች አውጥቶ እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ቢመለከት፣ አዲሱ ፕሮግራም ምን ያህል ይሰጠው እንደነበር በአንድ ምሽት ማወቅ ይችላል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ማስታወቂያ አይዋሽበትም።

ደረጃውን በተመለከተም እንዲሁ ያልታሰበ ነገር አለ። ዩናይትድ የራሱን ጎልድ አባል፣ ጉዞው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ በካርዱ ወደ ላውንጁ (ወደ ልዩ የማረፊያ ክፍሉ) አያስገባውም። በሌላ አገር ባለ የስታር አሊያንስ ፕሮግራም ጎልድ የሆነው ጎረቤቱ ግን በዚያው በረራ፣ በዚያው በር፣ ካርዱን አሳይቶ ይገባል። አሜሪካንም ከዋንወርልድ አባላት ጋር ያለው አሠራር ተመሳሳይ ነው። የቤት ልጅ ውጭ ቆሞ እንግዳ ይጋበዛል። እዚያ አገር ውስጥ ብዙ የሚመላለስ ሰው ይህን አንድ ነገር ብሎ ብቻ ፕሮግራሙን ቢቀይር አልፈርድበትም። ላውንጅ ደጃፍ የማይደርስ፣ ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ደቂቃ እየሮጠ የሚሳፈር ሰው ደግሞ በዚህ ምክንያት ቢቀይር የሚያስቅ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚጠቅመው ከጥምረቱ ጎልድ ጋር የሚመጣው ተጨማሪ ሻንጣ፣ ወይም በረራ ሲሰረዝ ቀድሞ መስተናገዱ ነው። በእኔ ወረቀት ላይ ባዶ ካልሆኑት አራት መስመሮች ሦስቱ ሻንጣ ነበሩ።

በማይል የሚገዛው የሽልማት ትኬት ዋጋም በየፕሮግራሙ ይለያያል። ዴልታ በ2015 የትኬቶቹን የማይል ዋጋ የሚዘረዝረውን የሽልማት ሠንጠረዡን ከድረ ገጹ አነሣ፤ ዩናይትድ በ2019 ተከተለው። ከዚያ ወዲህ የአንድ ትኬት የማይል ዋጋ እንደ ቀኑና እንደ ፍላጎቱ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። በተጨማሪም «ነፃ» በሚባለው ትኬት ላይ አንዳንዱ ፕሮግራም በአየር መንገዱ የሚጣለውን ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላል፤ ኤሮፕላን የተባለው የኤር ካናዳ ፕሮግራም በ2020 ራሱን ሲያድስ ይህን ክፍያ ከሽልማት ትኬቶች ላይ አስቀርቷል። ስለዚህ «አንድ ማይል ስንት ሳንቲም ያወጣል?» የሚለውን አጠቃላይ ግምት ብዙም አላምነውም። ሰውየው በእርግጥ ሊሄድበት የሚፈልገውን አንድ መንገድ፣ ሊሄድ በሚችልበት ወር፣ በሁለቱም ፕሮግራሞች ፈልጎ ቢያይ ይሻለዋል። ወንበር የማይገኝበት ርካሽ ዋጋ ዋጋ አይደለም።

ለመቀየር ከተወሰነ መቼ የሚለው ጥያቄ ወደ የት ከሚለው የበለጠ ገንዘብ ያለበት ይመስለኛል። በብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ዓመት ውስጥ የተገኘ ደረጃ የዚያን ዓመት ቀሪ ወራትና ቀጣዩን ዓመት ሙሉ ያገለግላል። በሰኔ ጎልድ የሆነ ሰው ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ጎልድ ነው ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲቆም የዓመቱ ጥቅም ቀድሞውኑ ኪሱ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚበረው በረራ ሁሉ ለሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ነው። መቀየር የሚሻለው ያኔ ነው፤ የአሮጌው ካርድ ጥቅም ሳይቋረጥ አዲሶቹ በረራዎች በአዲሱ መዝገብ ይጠራቀማሉ። ሰዎች የሚቀይሩት ግን በአብዛኛው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ተናድደው፣ በአሮጌው ግማሽ መንገድ ሄደው ሳለ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት ግማሾች በእጃቸው ይቀራሉ፤ ሁለት ግማሽ ደግሞ በዚህ ዓለም አንድ ሙሉ አይሆንም። ዓመቱ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ዩናይትድና ዴልታ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፣ አሜሪካን ከማርች እስከ ፌብሩዋሪ፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስ ከኤፕሪል እስከ ማርች ይቆጥራሉ፤ አባሉ ከተመዘገበበት ቀን ጀምረው የሚቆጥሩም አሉ።

በዚህ የሽግግር ዓመት አንድ እንቅፋት አለ። አንድ በረራ በአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚመዘገበው፤ የሻንጣና የወንበር ጥቅም ደግሞ ብዙ ጊዜ ትኬቱ ላይ የሰፈረውን ቁጥር ይከተላል። ላውንጅ በር ላይ ሌላ ካርድ ማሳየት ሊበቃ ይችላል፤ ሻንጣ መመዘኛው ላይ ግን ክርክር ሊነሣ ይችላል። ከባድ ሻንጣ ባለበት ጉዞ አሮጌውን ቁጥር፣ በእጅ ቦርሳ በሚኬድበት አዲሱን መስጠት አንዱ መላ ነው። የመሳፈሪያ ካርዱንም ማይሉ እስኪገባ አለመጣል።

ደረጃን ከነበሩበት ወደ አዲሱ ማዛወርም ይቻላል። ተፎካካሪ አየር መንገዶች የሌላውን ጎልድ ካርድ ፎቶና የሒሳብ መግለጫ ተቀብለው የራሳቸውን ደረጃ ለጥቂት ወራት ይሰጣሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተወሰነ ያህል ለበረረም ያራዝሙለታል። ይህ ዕድል በብዙ ቦታ አንዴ፣ ወይም በብዙ ዓመታት አንዴ ብቻ የሚገኝ ነው። ጉዞ በሌለበት ወቅት ማመልከት ስጦታውን ሳይፈቱ መጣል ነው። መጀመሪያ ጉዞዎቹ ይያዙ፤ ከዚያ ካርዱ ይጠየቅ።

አየር መንገዱ ራሱ ሊቀየር እንደሚችልም አይረሳ። የስካንዲኔቪያው ኤስ ኤ ኤስ ከስታር አሊያንስ መሥራቾች አንዱ ነበር። ኦገስት 31 ቀን 2024 ከጥምረቱ ወጣ፤ በማግሥቱ ስካይቲም ገባ። የፕሮግራሙ ጎልድ አባላት ተኝተው ሲነሡ ካርዳቸው የሚከፍታቸው በሮች ሌሎች ሆነው ተገኙ። አየር መንገዱ አባላቱን ለማባበል በዚያው ዓመት እስከ ዲሴምበር ማብቂያ ድረስ በአሥራ አምስት የስካይቲም አየር መንገዶች ለበረረ ሰው አንድ ሚሊዮን ነጥብ እሰጣለሁ አለ፤ ይህን ብለው ዓለምን የዞሩ ሰዎችም ነበሩ። ለጥምረቱ ሲሉ አባል የሆኑ መንገደኞች ግን ምርጫው የእነርሱ አልነበረም።

የተጠራቀመውን ማይል በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ቶሎ ይበላ። ማይል ወለድ አይወልድም፤ ዋጋው በጊዜ ብዛት የሚሄደው ወደ ታች ነው። የሲንጋፖር አየር መንገድ ማይል ከሦስት ዓመት በኋላ ይቃጠላል። የኤር ካናዳው ኤሮፕላን ፕሮግራም አሥራ ስምንት ወር ምንም እንቅስቃሴ ካላየ ያጠፋዋል። የዴልታና የዩናይትድ ጊዜ አያልፍበትም፤ ይህ ግን የመግዛት አቅሙ ይቆያል ማለት አይደለም። ኤር በርሊን በ2017 ሲከስር ቶፕቦነስ የተባለው ፕሮግራሙም አብሮ ከስሮ የአባላቱ ማይል ባዶ ቀረ። ሕጉም ቢሆን ከመንገደኛው ጎን በጽኑ አይቆምም። ኖርዝዌስት አየር መንገድ አንድን ደንበኛ አብዝቶ ያማርራል ብሎ ከፕሮግራሙ አስወጣው፤ ሰውየው ከሰሰ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 በሙሉ ድምፅ ለአየር መንገዱ ፈረደ። ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው በአሮጌው ሒሳብ ውስጥ ለአንድ ትኬት የሚበቃ ካለው ቆርጦ ይሂድ። ጥቂት የጎደለውም ቢሆን አንድ ሁለት በረራ እዚያው አስመዝግቦ ሞልቶ ቢወጣ ይሻላል።

መቆየት የሚሻልበትም ጊዜ አለ። ዩናይትድ በአውሮፕላኖቹ ላይ አንድ ሚሊዮን ማይል ለበረረ አባል የዕድሜ ልክ ጎልድ ይሰጣል፤ ሌሎችም መሰል ደንብ አላቸው። ዘጠኝ መቶ ሺህ ላይ ደርሶ በአንድ ዓመት የደንብ ለውጥ ተናድዶ የሚሄድ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ነው የሚሆነው። የቤተሰቡን ማይል በአንድ ቋት የሚያጠራቅምም ቢሆን ብቻውን ቢወጣ ቋቱን ያጎድላል። የተቀረው ሰው፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የሚበረው፣ ከየትኛው ፕሮግራም ወደ የትኛው ልሂድ እያለ መጨነቁ ራሱ ይገርመኛል። ለእርሱ የሚበጀው ምቹ ሰዓት ያለውን ርካሽ ትኬት መቁረጥ ነው። ደረጃ ለመያዝ ሲል በእያንዳንዱ ትኬት ላይ ጥቂት እየጨመረ የሚከፍለው ገንዘብ ቢደመር፣ ሻንጣውንም የላውንጁን መግቢያም በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ የሚተርፈው ይመስለኛል።

እኔ ያችን የቅዳሜ ትኬት አልቆረጥኩም። ወረቀቱ ላይ የቀሩት አራት መስመሮች ሻንጣና አንድ ላውንጅ ነበሩ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጉዞዬም በአብዛኛው በርካሽ ፊደላት ሩቅ የሚሄድ ነበር። ጎልዱ በጊዜው አለቀ። ማይሉን ለአንድ ደርሶ መልስ ትኬት አዋልኩት፤ የቀረው ጥቂት ሺህ እዚያው ተቀምጧል። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ የትኬት ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን እያየች የቀድሞ ቁጥሬን ከነስሜ አነበበችልኝና «ይኸው ነው?» አለችኝ። አዲሱን ከስልኬ ላይ አውጥቼ ሰጠኋት። ጻፈችው፤ ቀጥላም ሻንጣዬን ሚዛን ላይ እንዳስቀምጥ ጠየቀችኝ፤ በዚያ ቀን የሦስት ኪሎ ትርፍ ከፈልኩ።